ማን ነገረህ? የት አየኸው? ኢትዮጵያን የጻፉ መጻሕፍትና ምንጮቻቸው

በ1610 ዓ.ም. ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የዶሚኒካውያን መነኩሴ በስፔን፣ በቫሌንሲያ ከተማ፣ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኡሬታ ኢትዮጵያን አላያትም። አጻጻፉ ግን ያላየውን አገር የሚናገር ሰው አጻጻፍ አይደለም። የነገሥታቱ ልጆች የሚኖሩበት አምባ ገነትን ያስንቃል፤ አምባው ላይ ያለው ቤተ መጻሕፍት ከሄኖክ ጀምሮ የአበው መጻሕፍት የተከማቹበት፣ በዓለም አቻ የሌለው ነው፤ በገዳማቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የዶሚኒካውያን መነኮሳት ይኖራሉ። በ1611 ባወጣው ሁለተኛ መጽሐፍ ደግሞ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሳይቀር የራሱ ማኅበር አባል አደረጋቸው።

ኡሬታ ምንጭ አልጠቀሰም እንዳይባል ጠቅሷል። ነገሩን ያገኘሁት ከሁዋን ዴ ባልታሳር ነው ይላል። ይህ ሰው ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ የቅዱስ እንጦንስ ወታደራዊ ማኅበር ባላባት ነኝ ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅ፣ በ1609 በዚያው በቫሌንሲያ ስለዚሁ ማኅበር መጽሐፍ ያሳተመ ነው። የስፔኑ አንባቢ ስም ተሰጠው፤ ማዕረግ ተሰጠው፤ በሰውየው እጅ አሉ የተባሉ ወረቀቶችም ተነገሩት። ወረቀቶቹን አንብቦ ማመሳከር፣ ሰውየውን ከሌላ የአገሩ ልጅ ጋር ማጠያየቅ፣ አምባው ላይ ወጥቶ መጻሕፍቱን መቁጠር ግን የሚችል አልነበረም። ምንጭ መጥቀስ ስም መጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኡሬታን የሚስተካከለው ባልተገኘ። የተጠራው ስም አንባቢውን የትም ካላደረሰው ግን ማጣቀሻው ከጌጥነት አያልፍም። ከጌጥም ይከፋል፤ ያልተመረመረውን እንደተመረመረ ያስቆጥራልና።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የኡሬታን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ሊመረምር የሚችል አንድ ሰው ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 በስፔን የተወለደ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት መጀመሪያ ሲሞክር በዓረብ ጠረፍ ተይዞ በየመን ለዓመታት ታሰረ፤ ተሳክቶለት የገባው በ1603 ነው። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ከአፄ ሱስንዮስ ጋርም ተወዳጀ። የኡሬታ መጽሐፍ ሲደርሰው መልስ እንዲጽፍ ታዘዘ። ፓኤዝ ከወገንተኝነት ነፃ ነበር ለማለት አልደፍርም። ኢየሱሳውያንና ዶሚኒካውያን የሚፎካከሩ ማኅበሮች ነበሩ፤ ኢትዮጵያን ወደ ካቶሊክ እምነት የማምጣት ዓላማውም ከጽሑፉ አይጠፋም። አሠራሩ ግን ዛሬ የጥናት ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ሊነበብለት ይገባል።

ፓኤዝ በመጀመሪያ ኡሬታ በየትኛው ምዕራፍ ምን እንዳለ ይጠቅሳል። ከዚያ በኋላ መልሱን ሲሰጥ በዓይኑ ያየውን ከሰማው፣ ከሰው የሰማውን ከመጽሐፍ ካገኘው ይለያል። የነገሥታትን ዝርዝር ሲያቀርብ ከአክሱም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የተገኘ መሆኑን ይናገራል። ዜና መዋዕል ሲያስፈልገው ከግእዝ ተርጉሞ ያስገባል። በቤተ መንግሥት ስለሆነው የነገሩትን ሰዎች፣ ከእነሱም ውስጥ የንጉሡን ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስን፣ በስማቸው ይጠራል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዶሚኒካዊ ነበሩ ለሚለው ወሬ የሰጠው መልስ ከሁሉ ይበልጥብኛል። «ሐሰት ነው» ብሎ አላለፈም። ገድላቸውን ራሱን ተርጉሞ መጽሐፉ ውስጥ አኖረው። አንባቢው የፓኤዝን ቃል ማመን አያስፈልገውም፤ ገድሉን አንብቦ ራሱ መፍረድ ይችላል።

ፓኤዝ በሚያዝያ 1618 ከንጉሡና ከሠራዊቱ ጋር ጎጃም ሳለ ጊሽ ላይ ዓባይ የሚፈልቅበትን ስፍራ አየ። ያየውንም በልክ በልኩ ጻፈው፤ ሁለት ክብ የውኃ ዓይኖች፣ ስፋታቸው በስንዝር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ አካባቢው እንዴት እንደሚረግብ። ተራራው ሁሉ ውስጡ ውኃ ነው የሚለውን ሲጽፍ ግን ይህን የሚሉት የአገሩ ነዋሪዎች መሆናቸውን ለየ። የጥንት ነገሥታት ሊያዩት የተመኙትን ማየቱ እንዳስደሰተው ደብቆ አላለፈም፤ ደስታው ግን አለካኩን አላዛባበትም። የዓባይን ምንጭ «አገኘው» የሚለው አነጋገር ጊሽ ለሚገኝበት ለሰከላ ሰው ትርጉም አይሰጥም። ከብቱን እዚያው ሲያጠጣ የኖረ ሕዝብ ነውና። ፓኤዝ የሚመሰገነው በማግኘቱ ሳይሆን ያየበትን ቀንና ሁኔታ ለይቶ በመጻፉ ነው።

መጽሐፉን በ1622 ፈጸመ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጎርጎራ ላይ አረፈ። የብራናና የወረቀት ዕጣ ከሰው ዕጣ አይሻልም፤ የፓኤዝ ሥራ አልታተመም። በ1615 ኒኮላው ጎዲኞ የተባለ ሌላ ኢየሱሳዊ ኡሬታን የሚቃወም መጽሐፍ በላቲን አውጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ የኡሬታ አምባ ከተቃዋሚዎቹ ቀድሞ ተጉዟል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቻስ በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አስገባው፤ ከፐርቻስም ጆን ሚልተን ወስዶ በ1667 ባሳተመው ታላቅ የግጥም ሥራው ስለ ገነት ሲጽፍ ጠቀሰው። ቫሌንሲያ ውስጥ የተፈበረከው አምባ በ57 ዓመት ውስጥ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ቁንጮ ላይ ወጣ። በመንገዱ ያሉት ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው ከፊታቸው ያለውን መጽሐፍ አይተው ጻፉ፤ የመጀመሪያው ሰው ከየት እንዳመጣው የጠየቁ ጥቂቶች ነበሩ።

አፄ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ከተባረሩት አንዱ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ጎዋ ተቀምጦ የኢትዮጵያን ታሪክ እንደገና ጻፈ። መሠረቱ የፓኤዝ ሥራ ነው፤ አልሜይዳም ይህን አልሸሸገም። በ1660 ባልታዛር ቴሌስ የአልሜይዳን መጽሐፍ አሳጥሮ ኮይምብራ ላይ አሳተመ። ቴሌስ ኢትዮጵያን አላየም፤ ግን አላየኋትም ማለት አላሳፈረውም። ታሪኩን የደረሰው አልሜይዳ መሆኑን፣ የእሱ ድርሻ ማሳጠርና ማሰናዳት ብቻ መሆኑን በመጽሐፉ አርእስት ላይ አስቀመጠ። ከሁለተኛ እጅ የወሰደ ሰው ከሁለተኛ እጅ ወሰድኩ ማለት እንዴት እንደሚችል ከቴሌስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እንዲህም ሆኖ አንባቢው እጅ የደረሰው የፓኤዝ ቃል በአልሜይዳ አልፎ በቴሌስ ያጠረ፣ ሦስተኛ እጅ የነካው ቃል ነበር።

እዚህ ላይ ግን ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሰን ወደ ሮም መሄድ ያስፈልጋል። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ለስዊድን ቤተ መንግሥት የሚፈለጉ ሰነዶችን ሊፈልግ ሮም ገባ። የኤርፈርት ልጅ ነው። ግእዝን ከመጻሕፍት ራሱን በራሱ አስተምሯል፤ ቋንቋው ሲነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያውያን ገዳም፣ ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ሄደ። እዚያም አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ልጅ ናቸው፤ በእምነት ወደ ካቶሊኮች ተጠግተው ስለነበር ኢየሱሳውያኑ ሲባረሩ አብረው ተሰደዱ። ሁለቱ በደንብ የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ ግእዝ ብቻ ነበር። እሱ ከመጽሐፍ፣ እሳቸው ከትምህርት ቤት የተማሩት ግእዝ።

ሉዶልፍ ወደ ጀርመን ከተመለሰ በኋላም በግእዝ ተጻጻፉ። በ1652 የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ ጋበዘ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። በእነዚያ ወራት የሆነውን ዛሬ ቃለ መጠይቅ እንለዋለን። ስለ ወንዞች፣ ስለ አውራጃዎች፣ ስለ ንጉሡ ሥርዓት፣ ስለ ጾምና ስለ ጥምቀት፣ ስለ እንስሳትና ስለ አዝርዕት ተጠየቁ፤ መለሱ፤ መልሳቸው ተጻፈ። አማርኛንም ለሉዶልፍ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን እንደናፈቁ ቀሩ። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ ከዚያ በኋላ 46 ዓመት ኖረ። ከፈለገ የእሳቸውን ዕውቀት የራሱ አድርጎ መጻፍ ይችል ነበር፤ የሚመሰክርበት አልነበረም፤ የዘመኑም ልማድ ባልከለከለው። በ1681 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመውን የኢትዮጵያ ታሪክ ስንገልጥ የምናገኘው ግን ሌላ ነው። «ጎርጎርዮስ እንዲህ አለ»፣ «ጎርጎርዮስ ይህን አያውቅም ነበር»፣ «በዚህ ነገር ጎርጎርዮስና ቴሌስ አይስማሙም» የሚል መንፈስ መጽሐፉን ሁሉ ይዞታል። ስለ ዓባይ በጻፈው ምዕራፍ የጎርጎርዮስን ምስክርነት ከኢየሱሳውያኑ ጽሑፍ ጎን አቆመው። ለአውሮፓ አንባቢ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከፖርቹጋላዊ ካህን እኩል የሚጠቀስ ምስክር ሆኖ ቀረበ። የኡሬታን መጽሐፍ ግን ተረት ብሎ ከምንጮቹ አወጣው።

በእኛ ጉባኤ ቤት የአንድምታ መምህር የመጽሐፍ ቃል ጠቅሶ «እንዲል» ብሎ ሲያሳርግ ተማሪው ቃሉ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠበቅበታል። አባ ጎርጎርዮስ ያደጉበት ትምህርት ይህን የሚያውቅ ነው። ሉዶልፍ ደግሞ ክርክር ከማስረጃ ጋር ከሚጻፍበት ከሕግ ትምህርት የመጣ ሰው ነበር። ያ መጽሐፍ የሁለቱም ልማድ ያረፈበት ይመስለኛል።

ይህም አልበቃውም። በ1691 ለዚያው ታሪክ ማብራሪያ የሚሆን ሌላ መጽሐፍ በላቲን አወጣ፤ ማብራሪያው ከተብራራው መጽሐፍ ይበልጣል። በመጀመሪያው መጽሐፍ በአጭሩ ለተነገረ ነገር እዚህ ሰነዱ ራሱ ይቀርባል። የግእዝ ጽሑፎች ከላቲን ትርጉማቸው ጋር ታትመውበታል፤ የአፄ ገላውዴዎስ የሃይማኖት መግለጫ አንዱ ነው። የአባ ጎርጎርዮስ ሕይወት ተተርኮበታል፤ ምስላቸውም በመዳብ ላይ ተቀርጾ ታትሞበታል። አንድ የአውሮፓ ሊቅ መረጃ የሰጠውን ሰው ስም፣ የትውልድ አገር፣ የሕይወት ታሪክና መልክ ለአንባቢ ሲያቀርብ ይህ በ17ኛው መቶ ዓመት የተለመደ አይደለም። ዛሬም በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች «አንድ የአካባቢው ሽማግሌ እንደነገሩኝ» ተብሎ ይታለፋል። ሽማግሌው ስማቸው እንዲነገር የማይሹበት ምክንያት ካለ መደበቁ ተገቢ ነው። ምክንያት ሳይኖር ሲሆን ግን ፈረንጁ ደራሲ ከነገጹ፣ ሽማግሌው ያለ ስም ይቀራሉ፤ ይህን ልማድ ልለምደው አልቻልኩም።

ሉዶልፍ ታሪኩን ከማሳተሙ በፊት በለንደን አንድ ትንሽ መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። በ1669 ሰር ፒተር ዋይች በሮያል ሶሳይቲ ጥያቄ ስለ ዓባይ ምንጭ የተጻፈ የፖርቹጋልኛ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። አርእስቱ ጸሐፊውን የዓይን ምስክር ይለዋል፤ ስሙን አይናገርም። ያ የዓይን ምስክር ጀሮኒሞ ሎቦ ነው፤ ከ1625 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ ኢየሱሳዊ። በስሙ የወጣው የጉዞ መጽሐፉም ቢሆን በዙሪያ ጥምጥም ነው የመጣው። ዮአኪም ለ ግራንድ የተባለ ፈረንሳዊ በ1728 የራሱን ሐተታዎች ጨምሮበት በፈረንሳይኛ አሳተመው፤ ያንን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ደግሞ ገና ያልታወቀ ወጣት ጸሐፊ የነበረው ሳሙኤል ጆንሰን አሳጥሮ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጆንሰን በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ሲጽፍ ባለታሪኩን ራሴላስ አለው። ስሙ በሎቦ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ የመጣ ነው። ለፓኤዝ የቤተ መንግሥቱን ነገር የነገሩት ሰው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ስማቸው ተቆርጦ የልብ ወለድ ጀግና ሆነ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሰው የምንጭ አጠቃቀስን ነገር ከሁሉም ያከበደው ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ኢትዮጵያ ገባ። ቁመተ ረጅም፣ ደፋር፣ ቋንቋ አዋቂ ነበር፤ ለግእዝ ያዘጋጁት የሉዶልፍ መጻሕፍት ናቸው። በኅዳር 1770 ጊሽ ደረሰ። በ1790 ኤድንበርግ ላይ በአምስት ቅጽ ያሳተመው የጉዞ ታሪክ ስለ ጎንደር ዘመን ከተጻፉት ሁሉ አንዱና ዋነኛው ነው፤ የነገሥታቱን ታሪክ ሲጽፍም ከአገሩ ይዞ የወጣቸውን ዜና መዋዕሎች ተጠቅሟል። ይህን ያህል የሠራ ሰው በአንድ ነገር ተሸነፈ። የዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ማለት ፈለገ።

በመንገዱ ላይ ሁለት ምስክሮች ቆመውበታል። የመጀመሪያው ፓኤዝ ነው። የፓኤዝን ምስክርነት አትናሲየስ ኪርሸር የተባለ የሮም ሊቅ ከ1652 እስከ 1654 ባሳተመው ትልቅ ሥራ ውስጥ፣ በፓኤዝ ስም፣ በላቲን አውጥቶት ነበር። ብሩስ ይህን ያውቃል። መልሱ ግን ጣልያን ሳለሁ የፓኤዝን መጽሐፍ ቅጂዎች አይቻለሁ፣ ስለ ዓባይ የተባለውን ክፍል አላገኘሁባቸውም የሚል ሆነ። ቅጂዎቹን በፍጥነት እንዳገላበጣቸው ራሱ ጽፏል። ሎቦንም ውሸታም ብሎ አጣጣለው። እዚህ ላይ የፓኤዝ መጽሐፍ አለመታተም ምን እንዳስከተለ ይታያል። ኪርሸር ጠቅሷል፤ ብሩስ ክዷል፤ አንባቢው ግን ሁለቱን የሚዳኝበት ጽሑፍ በእጁ የለም። ስለዚህ ክርክሩ ወደ ሰዎቹ ታማኝነት ዞረ፤ አንዱ ካቶሊክ ካህን፣ ሌላው ፕሮቴስታንት ባላባት ነውና ፍርዱ እንደ አንባቢው ወገን ሆነ።

ሁለተኛው ምስክር ከብሩስ ጋር አብሮ የሄደ ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1737 ቦሎኛ የተወለደ ሠዓሊ ነበር። ብሩስ ከጣልያን አስመጥቶት በሰሜን አፍሪካ የጥንት ፍርስራሾችን፣ በኢትዮጵያ ዕፅዋትንና አእዋፍን አብረው ሥለዋል፤ ባሉጋኒ የጉዞና የአየር ጠባይ ማስታወሻም ይይዝ ነበር። ጊሽም አብሮ ደርሷል። በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ መግቢያ ባሉጋኒ በፍልስጥኤም በያዘው በሽታ ሲማቅቅ ቆይቶ ኢትዮጵያ እንደገባን ሞተ ብሎ ጻፈ። ስለዚህ በ1790ው አንባቢ ዓይን ኅዳር 1770 ላይ ጊሽ የቆመ አውሮፓዊ ብሩስ ብቻ ነው። የባሉጋኒ እጅ ያረፈባቸው ሥዕሎችም የብሩስ ተብለው ዞሩ።

ልቤን የሚከብደኝ ሌላም ነገር አለ። ብሩስ ስም መጥራት ያቃተው ሰው አልነበረም። ጊሽ ላይ የወንዙ አገልጋይ የሆኑትን ሽማግሌ ክፍለ ዓባይን በስማቸው ጠርቷቸዋል፤ ቤታቸው እንዳረፈም ተርኳል። ሽማግሌው ክብሩን አይሻሙትም። የሚሻማውን ሰው ስም ግን ከስፍራው አነሣው። ምንጭን መደበቅ ብዙ ጊዜ ከስንፍና ይመጣል ተብሎ ይታሰባል፤ በጥድፊያ ጽፎ ማስታወሻ መያዝ የረሳ ተማሪ አለና። የብሩስ ነገር ከዚያ አይደለም። ለማንም ዋቢ በመጥቀስ ደከመኝ የማይል ሰው፣ ለአንድ ገጽ ብሎ፣ አብሮት የበላና የታመመ ጓደኛውን የሞት ቀን አዛወረ። የሚያሳዝነው ደግሞ ባያዛውረውም ኖሮ ከብሩስ ሥራ የሚጎድል ነገር አለመኖሩ ነው። አምስቱ ቅጾች በራሳቸው ይቆማሉ።

ወረቀት ግን ይቆያል። የፓኤዝ መጽሐፍ ሁለት የታወቁ ቅጂዎች አንዱ በሮም በማኅበሩ መዝገብ ቤት፣ ሌላው በፖርቹጋል በብራጋ ተቀምጠዋል። ጣልያናዊው ኢየሱሳዊ ካሚሎ ቤካሪ ከ1903 እስከ 1917 ድረስ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ያልታተሙ የምዕራባውያን ጽሑፎችን በ15 ቅጽ ሲያወጣ ፓኤዝን በ1905 እና በ1906 በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅጽ አሳተመው። ከተጻፈ 280 ዓመት አልፎታል። የአልሜይዳም ተከተለ። ያን ጊዜ ቴሌስ ከአልሜይዳ ምን እንዳስቀረ፣ አልሜይዳ ከፓኤዝ ምን እንደወሰደ መስመር ከመስመር ማስተያየት ተቻለ። ብሩስ አላገኘሁትም ያለውም ክፍል ታትሞ ወጣ። የቤካሪ ሥራ አዲስ ሐሳብ የለውም፤ መጽሐፍ ማሳተም ነው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ በሰዎች ታማኝነት ላይ የነበረውን ክርክር ወደ ገጽ ቁጥር መለሰው፤ ከዚህ የበለጠ ውለታ ለአንድ የታሪክ ዘርፍ የዋለ ሰው ብዙ አይገኝም።

የሎቦ ጉዳይ የበለጠ ዘገየ። በፖርቹጋልኛ የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ በ1947 ብራጋ ላይ ተገኘ፤ በ1971 ታተመ፤ በ1984 ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ሎቦን ጠቅሰናል ሲሉ የኖሩት ብዙዎቹ የጠቀሱት ለ ግራንድን ወይም ጆንሰንን ነበር። ሎቦ ያላለውን ያለ፣ ያለውንም ያላለ እየመሰላቸው ተከራክረውበታል። ይህ የእነሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የነበራቸው ያ ነው። «ሎቦ፣ በጆንሰን ትርጉም» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ግን ክርክሩ ግማሹ ባልተነሣ።

የባሉጋኒ ሥዕሎችና ማስታወሻዎች ከብሩስ ወረቀቶች ጋር ወደ አሜሪካ፣ ወደ የል ዩኒቨርሲቲ፣ ገቡ። የእጅ ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር ያስተያዩ አጥኚዎች የማን እንደሆኑ ለዩ፤ በ1991 ደግሞ የአፍሪካ ዕፅዋት ሥዕሎቹ በራሱ ስም በመጽሐፍ ታተሙ። ጎንደር ላይ ከሞተ 220 ዓመት ሆኖታል።

በ2008 ኢዛቤል ቦአቪዳ፣ ኤርቬ ፔኔክና ማኑኤል ዦዋው ራሞስ የፓኤዝን ታሪክ የሮሙን ከብራጋው ቅጂ ጋር አመሳክረው ሊዝበን ላይ አሳተሙት፤ በ2011 የእንግሊዝኛው ትርጉም በሁለት ቅጽ በለንደኑ ሃክሉት ማኅበር ወጣ። የ1618ቱ የጊሽ ዘገባ ከአራቱ መጻሕፍት በመጀመሪያው ውስጥ ይገኛል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የተቀመጠ ተማሪ ዛሬ ስለ ጊሽ ሲጽፍ ፓኤዝን ከፓኤዝ፣ ሎቦን ከሎቦ፣ አባ ጎርጎርዮስን ከሉዶልፍ ገጽ፣ ብሩስን ከነባሉጋኒ ማንበብና ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ገጽ መጥቀስ ይችላል።